በነጭ ሻሽ የተጠቀለለች ብልቃጥ

ጠዋት ጠዋት ሰፈራችን በር ይልሳል። ሰው ከቤቱ ሲወጣ ጎንበስ ይልና ከመዝጊያው አጠገብ የተለጠፈችውን አውራ ጣት የምታህል ነጭ ሰሌዳ በምላሱ ጫፍ ነካ ያደርጋታል። ሰሌዳዋ አረንጓዴ ታበራለች፣ በሩ ይቆለፋል፣ ሰውየው ኮቱን አስተካክሎ ወደ ሥራው ይሄዳል። ታክሲ ሲሳፈር ይልሳል፤ ዳቦ ሲገዛ ይልሳል፤ ልጁን ትምህርት ቤት ሲያደርስ አባትም ይልሳል፣ ልጅም ይልሳል። ጨዋ ሰው ከላሰ በኋላ ሰሌዳዋን በመሐረቡ ይጠርጋታል፣ ባለጌ እንደረጠበች ጥሏት ይሄዳል። በ2071 ዓ.ም. ደሴ ውስጥ ሰው ልጁን ከመዳሩ በፊት መጀመሪያ የሚያጣራው ይህንኑ ነው።

ወጣቶቹ ለምን እንደሚልሱ አይጠይቁም። እኔ ግን ሲጀመር ነበርኩ። መጀመሪያ የሰው መልክ ተሰረቀ፣ ቀጥሎ ድምፅ፣ ቀጥሎ አሻራ። የሞተ ሰው ፊት ፍርድ ቤት ቀርቦ መሰከረ። ደም ይሁን ተባለና ደም በጠርሙስ ሲቸበቸብ ተገኘ። በመጨረሻ ምራቅ ተባለ። ምራቅ ከሕያው አፍ ብቻ ይወጣል፣ ከወጣም ቶሎ ይደርቃል፣ ስለዚህ ማንም ሊሰርቀው አይችልም አሉ። ምራቅ የሌለው ሕያው ሰው ይኖራል ብሎ ያሰበ አልነበረም። እኔም አላሰብኩም፤ እንዲያውም ቆሜ አጨብጭቤያለሁ።

ስሜ ሞላልኝ ነው፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። ፒያሳ ባለችው ጠባብ ሱቄ የሠርግ ቀሚስ በእጅ እጠልፋለሁ። ማሽን ከእኔ አሳምሮ ይጠልፋል፤ ሙሽሮች ግን እዚህም እዚያም ትንሽ የተሳተ ነገር ይወዳሉ፣ እኔ ደግሞ በመሳት አልታማም። የሙያዬ ግማሹ ከንፈሬ ላይ ነበር። ክር ጫፉ በከንፈር ረጥቦ ካልሾለ የመርፌ ቀዳዳ አይገባም። ዕድሜዬን ሙሉ ሳላስበው ስሠራው የኖርኩት ነገር ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ምላሴ ሥር ቁስል ወጣችብኝ፤ አልድን አለች። ካንሰር ነው አሉኝ። ጨረር ከመጀመሬ በፊት ሲስተር ራህማ፣ የጨረር ክፍሏ ነርስ፣ ለብቻዬ አስቀመጠችኝ።

«ጋሼ፣ ምራቅዎን ያጠራቅሙ» አለችኝ።

ሳቅኩ። የምትቀልድ መስሎኝ ነበር።

«የእውነቴን ነው። ጨረሩ አንገትዎን ሲመታ የምራቅ ዕጢዎችዎን አብሮ ያቃጥላቸዋል። አዲስ አበባ ዕጢዎቹን ሳይነካ የሚያልፍ ማሽን አለ፤ ወረፋው ግን ከዓመት በላይ ነው። የእርስዎ ቁስል ደግሞ ዓመት አይጠብቅም።»

ለእንደኔ ዓይነቱ ሕመምተኛ ሕጉ አምስት ትንንሽ ብልቃጥ ይፈቅድ ነበር። እንዳይበላሽ አንዳች ነገር ጠብ አደረገችበትና በየብልቃጡ ስሜን ለጠፈች። የተቆረጠ ሎሚ አፍንጫዬ ሥር ይዛልኝ ሞላኋቸው። ምራቄ እንዴት በደስታ ይመጣ እንደነበር አሁን ሳስበው ሆዴ ይባባል። የኋላ ጥርሶቼንም በዚያው ሳምንት ነቀሏቸው። ጨረር የነካው መንጋጋ በኋላ ጥርስ ሲነቀልበት ቁስሉ አይድንም፣ አጥንቱም ይሞታል አሉ። እሺ አልኩ። ያኔ ለሁሉም ነገር እሺ ነበር የምለው።

ጨረሩ ራሱ አያምም። ይተኛሉ፣ ጭንብል ያጠልቁልዎታል፣ አንድ ነገር ጢዝ ይላል፣ ይነሳሉ። ሕመሙ የመጣው ቆይቶ ነው። አፌ ውስጥ ያለው ቆዳ ተላጠ። ውሃ እንደ ሚጥሚጣ አቃጠለኝ። ምራቄ መጀመሪያ እንደ ተልባ ወፈረ፣ ቀጥሎ እንደ ክር ተጎተተ፣ ከዚያ ቀረ። እንጀራ ስጎርስ ጨርቅ የጎረስኩ ይመስለኛል፤ ሥጋውም ወጡም የሳንቲም ጣዕም አለው። ስተኛ ምላሴ ከላንቃዬ ይጣበቅና በጣቴ አላቅቀዋለሁ። ቀጥሎ ደግሞ መንጋጋዬ ጠበቀ። በጥርሶቼ መካከል ቀጫጭን እንጨቶች አንዱን በአንዱ ላይ እየደረብኩ እንደ ጠበበ ጫማ አፌን እወጥረዋለሁ። አንድ ሳምንት ብሰንፍ ማንኪያ አይገባም። ንግግሬ ቅጭ ቅጭ የሚል ድምፅ አለው፤ ደንበኞቼ ከረሜላ የያዝኩ ይመስላቸው ነበር።

የውሃ ጠርሙስ ከእጄ አይለይም። ሁለት ቃል ተናግሬ እጎነጫለሁ፣ ሁለት ቃል ተናግሬ እጎነጫለሁ።

በመጨረሻ ካንሰሩ ጠፍቷል አሉኝ። ልጄ ማዕዶት ሐኪም ቤቱ ደጃፍ ላይ አንገቴን አቅፋ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። በደስታ ተሳፍረን መጣን፣ ቤታችን ደረስን፣ እኔ ቀድሜ ሄጄ ጎንበስ አልኩና በሬን ላስኩ። ቀይ አበራች። ደግሜ ላስኩ። ምላሴ ሰሌዳዋ ላይ እንደ ብራና ተንሻከከ። ማዕዶት ቀስ ብላ ትከሻዬን ወደ ጎን አደረገችና ለኔ ላሰችልኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄ በር ለበር እየላሰች የምታስገባኝ ሰው ሆንኩ። ጠዋት ሱቅ ታደርሰኛለች፣ የሱቁን በር ትልሳለች፣ ወደምታስተምርበት ትምህርት ቤት ትሮጣለች። ማታ መጥታ ታወጣኛለች። መሀል ላይ መውጣት ብፈልግ መግባት የለም። ብልቃጦቹ ነበሩኝ እርግጥ። አንዷን ዝናብ ሲወርድብኝ በንዴት በራሴው በር ላይ ጨረስኳት። አንዷ የጓደኛዬ የቀብር ዕለት አለቀች፤ የእድሩ ድንኳን ምራቅህን ካላነበበ ለቅሶ እንደቀረህ ነው የሚቆጥርህ፣ እኔ ደግሞ ለሱ አልቀርም። ሁለቱን የሱቄ ፈቃድ በላቸው። አንዷ ቀረች።

ይቺን አንዷን የምነካት አልነበርኩም። ለማዕዶት ሠርግ ነበረቻ።

ሠርግ በሳህን ሆኗል። ድሮ ወላጅ ልጁን ሲድር ይመርቃል፣ ምርቃቱን ሲጨርስ እንትፍ እንትፍ ይላል፤ እንግዲህ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ማዘጋጃ ቤቱ ይህንኑ አየና ሳህን አበጀለት። የሙሽራዪቱ ወላጅ ይመርቃል፣ በመጨረሻ ሳህኑ ላይ እንትፍ ይላል፣ ሳህኑ አረንጓዴ ሲያበራ ጋብቻው ጸና ማለት ነው። ባህላችንን ከቴክኖሎጂ ጋር አዋሃድን ብለው ሳምንት ሙሉ በሬዲዮ ጨፈሩ። የማዕዶት እናት ካረፈች ቆይታለች። መራቂዋ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ለእኔ ግን ነገሩ የሳህን ጉዳይ አልነበረም። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረው፣ ትምህርት ቤት ስሄድ በየጠዋቱ በር ላይ ታቆመኝና ስትመርቀኝ ቆይታ ግንባሬ ላይ እንትፍ ትልብኝ ነበር። ጓደኞቼ እንዳያዩኝ አፍር ነበር። ቢሆንም አልጠርገውም። ቀዝቀዝ እያለኝ እሄዳለሁ፤ ትምህርት ቤቱ በር ስደርስ ይደርቃል። ከዚያች እንትፍታ ሌላ ያወረሰችኝ ነገር የለም፤ ለልጄ የምሰጣትም ይህንኑ ነበር።

ስለዚህ የመጨረሻዋን ብልቃጥ ለቀሚሷ ከገዛሁት ነጭ ሻሽ ቀድጄ ጠቀለልኳት። በነጭ ክር አሰርኳት። ፍሪጅ ውስጥ ከላይኛው መደርደሪያ፣ ከቅቤው ኋላ፣ ማንም በማይነካት ቦታ አስቀመጥኳት። ስፌቴ ሁሉ ከእሷ ጥቅልል የበለጠ አምሮ አያውቅም።

ጥቅምት ላይ ሲስተር ራህማ መንጋጋዬን ዳበስ ዳበስ አደረገች። በሽታው ተመልሶ መጥቷል። የማዕዶትን እጮኛ ቃልአብን ለብቻው ጠርታ «ሠርጉን አታዘግዩት» አለችው፤ እሱ ለማዕዶት ነገራት፣ ማዕዶት ለእኔ አልነገረችኝም፤ ግን የሠርጉ ቀን ከግንቦት ወደ ጥር ሲመጣ ልብስ ሰፊ አይደለሁ፣ ምን ያህል ጨርቅ እንደቀረኝ ለካሁ።

እህቴ እትዬ ደብሬ ከሐይቅ የመጣችው ለሠርጉ ብቻ አልነበረም። ልጅቱ ስትዳር በር የሚልስለት ሰው ያስፈልገዋል ብላ፣ ዶሮዎቿን ለጎረቤት ሰጥታ፣ አንድ ሻንጣና አንድ ማዳበሪያ ሽንብራ ይዛ ጠቅልላ ነው የመጣችው። በአራት ዓመት ትበልጠኛለች። ሰሌዳ መላስ ትጸየፋለች።

«የስንቱ ምላስ የዞረበትን!» ትላለች። ስለዚህ አትልስም፤ ከሰሌዳዋ ራቅ ብላ ትቆምና እንትፍ ትልባታለች። ሰሌዳዋም ሳታንገራግር ትከፍትላታለች። እትዬ ደብሬ በሩን እየመረቀች ትወጣለች፣ እየመረቀች ትገባለች። ከታመምኩ ወዲህ ከልቤ የሳቅኩት እሷን ሳይ ነው፤ ስስቅ ግን ከንፈሬ ይሰነጠቃል።

ሠርጉ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ምሳ ሰዓት ላይ እትዬ ደብሬ የአጃ አጥሚት ሠርታ አቀረበችልኝ። ማዕዶት እጓዳ ቀሚሷን እየለካች ነበር። አገጬን ወደ ደረቴ አድርጌ፣ ውሃ እያስከተልኩ፣ በትንሽ በትንሹ መዋጥ እችላለሁ። ያን ዕለት ግን እትዬ ደብሬ አንድ ወሬ እያወራችልኝ ረሳሁና ቀና ብዬ ዋጥኩ። አጥሚቱ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። አልወርድም አልወጣም አለ። ጠረጴዛውን መታሁ፤ ጠርሙሴ ወደቀ፣ ውሃው ፈሰሰ።

«አበስኩ ገበርኩ! ሞላልኝ! ወንድሜ!» እያለች እትዬ ደብሬ ጀርባዬን መታችኝ። ከዚያ ወደ ፍሪጁ ሮጠች። ውሃ ፍለጋ ነበር የሄደችው። ግን በሩን ስትከፍተው ከቅቤው ኋላ በነጭ ሻሽ የተጠቀለለች፣ በነጭ ክር በሥርዓት የታሰረች ትንሽ ብልቃጥ አየች። በእኛ ቤት፣ በእኛ አገር፣ ሕመምተኛ ባለበት ፍሪጅ ውስጥ እንዲያ ያለች ብልቃጥ ምን ትሆናለች? ጠበል ናታ! ሌላ ማንስ ቢሆን ምን ይላል?

«በስመ አብ ወወልድ» ብላ ሻሹን ፈታች። አገጬን ያዘች። ጥርሷን ነክሳ ያቺን ጠባብ አፌን በአውራ ጣቷ ከፈተችና ጨመረችብኝ። የተረፈውን አንገቴን አሸችበት።

ወዲያው አወቅኩ። ከአእምሮዬ በፊት አፌ አወቀ። ለሰለሰ። ምላሴ ላንቃዬን ነካውና ሳይጣበቅ ተመለሰ። ጥርሶቼ ረጠቡ። ጣዕም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ቀዝቃዛ ነው፤ ግን የራሴ ነበር። ለአንድ አፍታ አፌ አፌ ሆነ። ከዚያ ዋጥኩ፤ አጥሚቱም አብሮት ወረደ።

«ለቀቀው! ለቀቀው! እልልልል!» እትዬ ደብሬ መሬት ላይ ወድቃ ሳመች። «አላልኩም? ሃይማኖት ያለው ሰው አይወድቅም አላልኩም?»

እኔ እያለቀስኩ ነበር። ከደስታ መሰላት።

ቀና ስል ማዕዶት የጓዳው በር ላይ ቆማለች። ግማሽ የተጠለፈው ቀሚስ በመርፌ ቁልፍ ተያይዞ ከላይዋ ላይ ነው። ዓይኗ መሬት ላይ ባለችው ባዶ ብልቃጥ ላይ ቆመ፤ ስሜ ተለጥፎባታል። እትዬ ደብሬ ማንበብ አትችልም። ማዕዶት ቀስ ብላ መጣችና ብልቃጧንና ሻሹን አንስታ እጇ ውስጥ ጨበጠቻቸው። ልትናገር ነው ብዬ ፈራሁ። በዓይኔ ለመንኳት።

«እግዚአብሔር ይስጥልን እትዬ» አለች። «እርስዎ ባይኖሩ ምን እንሆን ነበር?»

«ከየት ያመጣኸው ጠበል ነው?» አለችኝ እትዬ ደብሬ ፊቴን በነጠላዋ እየጠረገች። «እንዲህ የሚሠራ ከሆነ ሄጄ እቀዳልሃለሁ።»

«ከዚሁ ነው» አልኳት። «አልቋል።»

ሲስተር ራህማ ጋ ደወልን። መጥታ ሎሚ ያዘችልኝ፣ መርፌ ወጋችኝ፣ መድኃኒት ሰጠችኝ፤ አንዲት ጠብታ አልወጣም። በማግስቱ ከማዕዶት ጋር ማዘጋጃ ቤት ሄድን። መግቢያው ላይ ለራሷም ለእኔም ላሰች። መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ክፉ አልነበረችም፤ ነገራችንን እስከ መጨረሻው ሰማችን።

«ደም አይሆንም?» አለቻት ማዕዶት። «አባቴ ይኸው ቆሟል። ተመልከችው። ያናግርሻል።»

«መልክና ድምፅ አንቀበልም። ደምም አንቀበልም።» ልጅቱ ወደ እኔ ዞረች። «አባት፣ ምራቁ የማይነበብ ወላጅ በሦስት ብቻ ነው የሚመዘገበው። ሟች፣ ከአገር የወጣ ወይም ያልታወቀ። ከሦስቱ በአንዱ ከተመዘገቡ የእርስዎ ታላቅ ዘመድ ተተክቶ ይመርቃል። እህት ካለችዎት ትሆናለች።»

«አፉ የደረቀ የሚባል የለም?» አለች ማዕዶት።

«ለሚመጣው ዓመት ይስተካከላል ተብሏል።»

«በሚመጣው ዓመት እኔም እስተካከላለሁ» አልኳት። ልጅቱ ሳቅ ሊያመልጣት ሲል ፊቴን አየችና ተወችው።

ከአገር የወጣ ለመባል ድንበር ላይ ልሰህ መውጣት አለብህ። ያልታወቀ ቢባል የማዕዶት እናት መቃብር ውስጥ ስሟ ይጠፋል። ጠርሙሴን ከፍቼ ተጎነጨሁ።

«ሟች በይው» አልኩ።

«አላደርገውም!» ማዕዶት ጮኸች። የተሰለፈው ሰው ዞሮ አየን። «ሠርጉ ይቅር። ሳንጋባ እንኖራለን። ሞቷል ብዬ አልልስም።»

እዚህ ላይ የሟችን ሞት የሚያጸናው የቅርብ ዘመድ ምራቅ መሆኑን መናገር አለብኝ። ሕጉ እንደዚያ ነው። ሌላ ዘመድ ቢኖረን እሱን እልክ ነበር፤ እትዬ ደብሬን ልልካት ግን አልችልም። ለምን ሞተ ትሉኛላችሁ ብላ ብትጠይቅ ስለ ብልቃጧ መናገር ሊኖርብን ነው።

ማዕዶትን ወደ ግድግዳው ወሰድኳትና አግዳሚው ላይ አስቀመጥኳት። ብዙ መናገር ያደክመኛል፤ አሳጥሬ ነገርኳት።

«ሲስተር ራህማ ያለችውን አውቃለሁ» አልኳት። «ቀሚሱ አንድ እጅጌ ብቻ ነው የቀረው። ግንቦትን አላየውም ማዕዶቴ። ሳትዳሪ ሞቼ ከምትቀሪ፣ ሞቼ ስትዳሪ ልይሽ።»

አለቀሰች። ከዚያ ተነስታ ወደ መስኮቱ ተመለሰች። ልጅቱ ሰሌዳዋን ገፋ አደረገችላት። ማዕዶት ጎንበስ ብላ ላሰች። ቀይ በራ። ዓይኗን ጨፍና ደግማ ላሰች። አሁንም ቀይ በራ።

«አፍሽ ደርቋል» አለቻት ልጅቱ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሲያለቅሱ እንደዚያ ይሆናል። ትንሽ ውሃ ጠጪና ሞክሪ።»

ውሃ የያዘ ሰው እኔ ነበርኩ። ጠርሙሴን ከፍቼ ሰጠኋት። ልጄ ከእጄ ተቀብላ ጠጣች፣ አፏ ውስጥ አዟዟረችው፣ ዋጠችው። ክንዷን ይዣት ነበር። ጎንበስ ብላ ላሰች፤ አረንጓዴ በራ፤ እኔም ሞትኩ።

ሰሌዳዋን በመሐረቧ ጠረገችልኝ። ጨዋ ልጅ ናት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በራሴ ቤት እንግዳ ተብዬ ነው የምኖረው። እንግድነቴ በየወሩ ይታደሳል። የአፌን ቅባትና የሕመም ማስታገሻውን ፋርማሲው ለሞተ ሰው አይሰጥም፤ ሲስተር ራህማ በቦርሳዋ እየደበቀች ታመጣልኛለች። የሱቄ በር ላይ የምርቃት ሳህን የሚያህል ማኅተም ተለጠፈ። የቀረውን እጅጌ ቤት ውስጥ ጨረስኩት። ክሩን ለማሾል ጫፉን በውሃ ነክሬ በጣቴ እጠቀልለዋለሁ፤ እንደ ከንፈር አይሆንም፣ ግን ይገባል።

ለእትዬ ደብሬ፣ ብዙ እንዳይናገር ሐኪም ከልክሎታል አልናት። በእኔ ፈንታ እንድትመርቅ ስንነግራት ሁለት ቀን ጸለየች፣ ሦስተኛው ቀን አዲስ ነጠላ ገዛች።

ሠርጉ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለው አዳራሽ ውስጥ ነበር። ማዕዶት ስትገባ ቀሚሷን አየሁት፤ ግራ እጅጌው ላይ የሳትኳትን አንዲት ጥልፍ ከእኔ በቀር ያየ የለም። የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኛ ሳህኑን አመጣ። ምርቃቱ ከመጀመሩ በፊት ሳህኑ መራቂው ማን በማን ምትክ እንደሆነ ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ይህን ስለምናውቅ ቃልአብ ከበሮ መቺዎቹን አስቀድሞ አስተምሯቸው ነበር። ሳህኑ «በሟች አባት» ማለት ሲጀምር ቃልአብ ራሱ ብድግ አለና «እልል በሉ እንጂ!» ብሎ ጮኸ። ከበሮው ተመታ። አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። ስሜ በዚያ ውስጥ ሰጠመ፤ እትዬ ደብሬም ከሁሉም አብልጣ እልል እያለች ነበር።

ከዚያ ወደ ሳህኑ ቀረበች። ማዕዶትና ቃልአብ ፊቷ ተንበረከኩ።

«ወልደሽ ሳሚ፣ ዘርተሽ ቃሚ» አለች እትዬ ደብሬ፤ ድምፅዋ የእናቴን ድምፅ ይመስላል። «ጎጇችሁ ይሙቅ። እንደ አብርሃም እንደ ሣራ ያድርጋችሁ። ክፉ አይንካችሁ። እንትፍ! እንትፍ!»

ሳህኑ አረንጓዴ በራ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እትዬ ደብሬ ወደ እኔ ዞራ፣ «አየህ፣ እኔና አንተ አንድ ነን፣ አንተ የመረቅካት ያህል ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ሳህኑም እንደዚያ ነው ያመነው። ቀጥላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ያ ጠበል ነው ለዛሬ ያደረሰህ» አለችኝ። «እሱ ነው» አልኳት። እጇን ጨበጥኩት።

ምሳ ተበላ። እኔ ወተት ይዤ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ሠርገኛው ወደ ጭፈራው ሲሄድ፣ የሙሽራ አስዋቢዋ ሴትዮ ለፎቶ ልታስተካክላት ጥጥና ዱቄቷን ይዛ ማዕዶትን ስትከተል፣ ማዕዶት ግን በቀጥታ ወደ እኔ መጣች። ያንን ሁሉ ቀሚስ ሰብስባ ጉልበቴ ሥር ተንበረከከች። ግንባሯን አቀረበችልኝ።

«አባዬ» አለች። «መርቀኝ።»

ውሃ ልጎነጭ ጠርሙሴን አነሳሁ። ከዚያ አስቀመጥኩት። ውሃ ሌላ ነገር ነው፤ የእኔ አይደለም።

«ከእኔ የጎደለውን ላንቺ ይሙላልሽ» አልኳት። ከንፈሬ ቅጭ ቅጭ እያለ ነው የተናገርኩት። «መንገድሽ ይቅና። በርሽ አይዘጋብሽ።» ሌላም ማለት ፈልጌ ነበር፤ ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣበቀ። በሁለት እጄ ራሷን ያዝኩ። እንትፍ አልኩ። እንትፍ። የወጣው ነፋስ ብቻ ነበር። ከንፈሬ ተሰነጠቀና ደሙን መልሼ ዋጥኩት።

ማዕዶት ዓይኗን እንደጨፈነች ትንሽ ቆየች። ልጅ ሆኜ እኔ ቀዝቀዝ እያለኝ እንደምቆየው ዓይነት ነበር አቆያየቷ።

ስትነሳ አስዋቢዋ ጥጧን ይዛ ወደ ግንባሯ ተጠጋች።

«እንዳትጠርጊው» አለቻት ልጄ። «የአባቴ ነው። ራሱ ይደርቃል።»

ሴትዮዋ እጇን እንደዘረጋች ቆመችና የማዕዶትን ግንባር አየች፣ የሚጠረገውን ፈለገች፣ ምንም አልነበረም። እኔን አየችኝ። ከዚያ ጥጧን አጥፋ ኪሷ ውስጥ ከተተችው።